መልስ፦ የሃዋይ ሃኒክሪፐሮች ምንቃር ለምን ተለያየ?

ሃኒክሪፐር የተባሉት የሃዋይ ደሴቶች ትናንሽ ወፎች ምንቃራቸው ይህን ያህል እየተለያየ እንዴት የአንድ ወገን ሊሆኑ እንደቻሉ ለጠየቁት፣ ሁሉም የተገኙት ከእስያ ባሕር አቋርጦ ከደረሰ አንድ የፊንች (ትንሽ፣ ፍሬ በል ወፍ) ዝርያ ሲሆን፣ ምንቃራቸውን የለያየው የሚመገቡት ነገር ነው።

ከእነሱ መካከል ኢኢዊ የተባለው በረጅም ቆልማማ ምንቃሩ የአበባ ማር ይመጥጣል፤ ፓሊላ በአጭርና ወፍራም ምንቃሩ የማማኔን ዛፍ ፍሬ ይፈለቅቃል። እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን አኪያፖላአው ነው፤ አጭርና ቀጥ ባለው የታችኛው ምንቃሩ እንጨቱን እየወቀረ ከቦረቦረ በኋላ፣ ረጅሙንና ቆልማማውን የላይኛውን አስገብቶ የተደበቀውን እጭ ጎትቶ ያወጣል።

ስለ ወፎች ሳነብ ደጋግሜ እንዳስተዋልኩት መልክ ያሳስታልና፣ ዝምድናን በምንቃር ብቻ አይወስኑ። የአበባ ማር ይመጥጡ የነበሩት ኦኦ የተባሉት ሌሎች የሃዋይ ወፎች ሃኒኢተር ከተባሉት የአውስትራሊያ ማር መጣጭ ወፎች ጋር ሲመደቡ ከቆዩ በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ራሱን የቻለ ሌላ ቤተሰብ መሆናቸውን አሳይቷል።