ትኩሳቱ የለቀቀ ሌሊት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቡና እየጠጣን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት። «ሲስተር፣ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱና በመጠኑ ከሰጠሁ ከእኔ ሌላ ምን ይጠበቃል?» አለችኝ። ስኒዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። የታዘዘውን በሰዓቱና በመጠኑ የሰጠሁበት አንድ ሌሊት አለ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም እንቅልፍ ይነሳኛል። ለእርሷ በቃል ያልጨረስኩትን ለሁላችሁም፣ ለወጣት ነርሶች፣ ልጻፈው።

ጥቅምት 1996 ዓ.ም. ነበር። ወባ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ወረርሽኝ ሆኖ፣ እኔ በምሠራበት የሐዋሳ ሆስፒታል አልጋ ሞልቶ ሕሙማን ኮሪደር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ይተኙ ነበር። ጠዋት ከተረኝነት ስወጣ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ከብበው ሲጠብቁ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ያን ሌሊት የተረከብኳት የወባ ሕመምተኛም የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር፦ የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን በ5 በመቶ ዴክስትሮዝ፣ ማለትም ስኳር ባለበት ፈሳሽ፣ ተበጥብጦ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ፣ በየስምንት ሰዓቱ። ማታ ስረከብ የቀን ተረኛዋ «ዴክስትሮዝ ከመጋዘን አልቋል፤ በኖርማል ሳላይን ቀጥዪ» አለችኝ። ኖርማል ሳላይን ስኳር የሌለበት የጨው ውሃ ነው። እኔም ቀጠልኩ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት፣ ውሃው ያው ውሃ መሰለኝ። ግማሽ ሊትሩን በደቂቃ 42 ጠብታ አድርጌ፣ በእጅ ሰዓቴ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ አረጋገጥኩ። በዚያ ቆጠራዬ እኮራ ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስመለስ ሴትየዋ በላብ ተጠምቃለች። ቴርሞሜትሩ 37.2 አሳየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትቃጠል የነበረች ልጅ ናት፤ ደስ አለኝ። ቻርቷ ላይ «ትኩሳቱ ወርዷል፤ ተረጋግታ ተኝታለች» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ እናቷ የጋውኔን ጫፍ ያዙኝ። አማርኛ አይችሉም ነበርና የጎን አልጋዋ አስታማሚ ከሲዳምኛ ተረጎመችልኝ፦ «ልጄ ወባ ሲለቃት የሚበላ ትጠይቃለች። አሁን ግን እኔንም አላወቀችኝም፤ እጇም ቀዝቅዟል ይላሉ።»

«እናቴ፣ ላቡ ጥሩ ምልክት ነው፤ ትተኛ» አልኳቸው። በለሰለሰ ድምፅ ነው ያልኳቸው። ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይከራከሩኝ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል አንቀጠቀጣት። ተረኛው ሐኪም ሮጦ መጣ፤ መጀመሪያ ወባው ጭንቅላቷ ላይ የወጣ መስሎት ነበር። ከዚያ የተሰቀለውን ፈሳሽ ቀና ብሎ አየና «ይህ ዴክስትሮዝ አይደለም» አለ። የደም ስኳሯ ሲለካ 24 ብቻ ሆነ፤ እጅግ ወርዷል። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሯ ሲሰጣት በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ጠራች። በሦስተኛው ቀን ግን ፅንሱ ወረደ። ወባ ራሱ ፅንስ ያስወርዳል፤ ባልደረቦቼም ይህንኑ እየነገሩ ሊያጽናኑኝ ሞክረዋል። እውነት ነው። የወባው ድርሻ ስንት፣ የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ኩዊኒን ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ያስረጫል፤ የደም ስኳር ይወርዳል። በነፍሰ ጡር ላይ ይብሳል፤ ከባድ ወባና አለመብላት ሲጨመሩበት ደግሞ የባሰ ነው። ዴክስትሮዙ ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ለዚህ ነበር። እርሱ ቢኖርም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ሲጠፋ ግን አብሮት ምን እንደጠፋ ማወቅ ነበረብኝ። ምክንያቱን የማታውቁትን ትእዛዝ በትክክል ልትፈጽሙት ትችላላችሁ፤ አንድ ነገር ሲጎድልበት ግን መጉደሉን አታዩም። ዛሬ ለከባድ ወባ በኩዊኒን ፋንታ በአብዛኛው አርቴሱኔት ይሰጣል፤ እናንተ ኩዊኒን ሳትሰቅሉ ጡረታ ልትወጡ ትችላላችሁ። የሚጎድለው ነገር ግን ሌላ ስም ይዞ ይመጣል።

ስለ ዛሬ ወጣቶች አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ዘመድ ልጠይቅ የገባሁበት ክፍል ውስጥ የአምስት ሕሙማን ቻርት አየሁ፤ የሁሉም ትንፋሽ በደቂቃ 20 ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ሽማግሌ ደረታቸው እየተርገበገበ ነበር። አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረት ማየት ይህን ያህል ይከብዳል? ለመውጫ ፈተና በቴሌግራም የምትለዋወጡት ጥያቄ ሁሉ ምርጫ አለው፤ ሕመምተኛ ምርጫ ይዞ አይተኛም። ደግሞ ሳስበው እኔም ያን ሌሊት የቆጠርኩት ጠብታ ነው እንጂ ሰው አልነበረም። እናንተ ሐኪምን ፊት ለፊት «ለምን?» ትላላችሁ፤ በእኛ ጊዜ ይህ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። የጎረቤቴን ልጅም የወደድኳት ስለጠየቀችኝ ነው።

ሰኞ የሌሊት ልምምድ ትጀምራለች። ያላበው ሰው ስታገኝ ከቴርሞሜትሩ በፊት እጁን እንድትነካ፣ ቀስቅሳ ስሙን እንድትጠይቀው፣ «ትኩሳቱ ለቀቀው» ከማለቷ በፊት የስኳር መውረድንና የደም ዝውውር መዳከምን እንድታስብ ነገርኳት። ደስ ሲላት ይበልጥ እንድትጠራጠርም። አስታማሚ የተናገረውንም በሰውየው ቃል ቻርቱ ላይ እንድትጽፈው። እኔ የእናትየዋን ቃል አልጻፍኩትም፤ በዚያ ሌሊት ማስታወሻዬ ላይ እርሳቸው የሉም።

ሲወጡ ልጅቱን ደግፈው ጋሪ ላይ አወጧት። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ያቺ አስተርጓሚ አስታማሚም አጠገቤ ነበረች። «ትክክል የነበሩት እርስዎ ነዎት» ብዬ ላስነግራቸው አስቤ፣ ጋሪው ወደ ሐይቁ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ አልተናገርኩም።