መልስ፦ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ቤት ውስጥ ስለመበየድ

ወንድሜ፣ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ (በዚንክ የተሸፈነ ብረት) በጠባብ ክፍል ውስጥ ብበይድ ወተት መጠጣት ከጭሱ ይከላከልልኛል ወይ ብለሃል። ቧንቧውን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ እንደምታጸዳም ጽፈሃል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ስፕሬዩ ነው።

አንዳንዱ ፍሬን ማጽጃ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አለው። ትነቱ የብየዳው ሙቀትና ጨረር ሲያገኘው ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የፈጁበት ጋዝ ነው። ክፋቱ፣ ከተነፈስከው በኋላ ለሰዓታት ደህና ልትመስል ትችላለህ። ሳንባ ውሃ የሚቋጥረው ቆይቶ ነው። ጣሳው ላይ እንደ "ቴትራክሎሮኤቲሊን" ያለ፣ "ክሎሮ" የሚል ስም ካየህ ለብየዳ በፍጹም አትንካው። በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ይበቃል።

ወደ ዚንኩ ስንመጣ፣ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ብረቱ ሳይቀልጥ እሱ ጭስ ሆኗል ማለት ነው። ያን ነጭ ጭስ ከሳብክ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ያተኩስሃል። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይለቃል፤ ግን "ለመድኩት" ብለህ አትቀጥል።

ወተቱ ግን አያድንህም። ወተት ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ።

ከምትበይድበት ቦታ ዙሪያ ሽፋኑን በግራይንደር አንሳ፤ ያኔም ማስክ አድርግ። ከቻልክ ውጭ በይድ፣ ፊትህንም ከጭሱ መስመር አውጣ። ማስኩ ፒ100 የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ፊልተር ያለው ይሁን፤ የጨርቁ አይረባም። ፊልተሩ ግን ፎስጂንን አያቆምም።

ስፕሬይ በነካው ብረት ላይ በይደህ ካሳለህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ እስኪነጋ አትጠብቅ። ሐኪም ቤት ሄደህ የተጠቀምክበትን ኬሚካል ስም ንገራቸው።