አሠሪ የያዘውን ፓስፖርት «ጠፍቶብኛል» ብሎ ሌላ ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በኤጀንሲ በኩል ወደ ኳታር ሄዳ ዶሐ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራለች። አሠሪዋ ገና እንደተቀበለቻት ፓስፖርቷን ወስዳባት እስካሁን አልመለሰችላትም፤ የሚያገለግልበት ጊዜ ደግሞ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አንድ ደላላ «ጠፍቶብኛል ብላ ለኤምባሲው ታመልክት፣ ሌላ ይሰጣታል» ይለናል። ይህን ብታደርግ ችግር ያመጣባታል? እኔስ ደሴ ሆኜ ምን ላደርግላት እችላለሁ?

መልስ፦ እህትዎ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ እያወቀች «ጠፍቶብኛል» ብላ እንዳታመለክት አጥብቄ እመክራለሁ። የመጥፋት ማመልከቻ አመልካቹ በፊርማው የሚያረጋግጠው ቃል በመሆኑ፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚያስጠይቀው ደላላውን ሳይሆን የፈረመችውን እህትዎን ነው። ጠፋ የተባለ ፓስፖርት ይሰረዛል፤ ኢንተርፖል ለተሰረቁና ለጠፉ የጉዞ ሰነዶች ባዘጋጀው መዝገብ ውስጥ ሊገባም ስለሚችል፣ አሠሪዋ ነገ መልሳ ብትሰጣት እንኳ ይዛው ልትጓዝ አትችልም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ፓስፖርቱ ጠፋ ከተባለ የወሰደው ሰው ከተጠያቂነት ነፃ ይወጣል፣ እህትዎም ሕግ የሰጣትን አቤቱታ በገዛ ቃሏ ታፈርሰዋለች።

ሕጉ ከእህትዎ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኳታር ሕግ ቁጥር 21 በአንቀጽ 8 አሠሪ የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ እንደጨረሰ ፓስፖርቱን ለሠራተኛው እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ ይህን የጣሰ እስከ 25,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። ነገር ግን ሕጉ አንድ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ሠራተኛው ራሱ ፓስፖርቱ እንዲቀመጥለት በጽሑፍ ከጠየቀ አሠሪው ሊያስቀምጠው ይችላል። ስለዚህ እህትዎ ስትገባ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ፈርማ እንደሆነ ጠይቋት። ፈርማ ብትሆንም መብቷ አልቀረም፣ ምክንያቱም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት።

በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ እህትዎ ፓስፖርቷን መጠየቋን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ነው። በቃል ብቻ ከምትጠይቅ ይልቅ ለአሠሪዋ በዋትስአፕ አጭርና ትሕትና ያለው መልእክት ትላክ፤ ፓስፖርቱ ሊያበቃ መሆኑን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ለማደስም የሚሠራ ፓስፖርት እንደሚያስፈልግ፣ ለእድሳት ወደ ኤምባሲ ልትወስደው እንደምትፈልግ ትግለጽ። ፈቃዱን የማሳደስ ግዴታ የአሠሪዋ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። እምቢ ካለች እህትዎ መልእክቱን ይዛ ዶሐ ለሚገኘው ኤምባሲያችንና ለኳታር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ታመልክት፤ ለኤምባሲው የምትሰጠውም ቃል «አሠሪዬ ይዛብኛለች» የሚል ይሁን። የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የመኖሪያ መታወቂያዋንና የልደት ምስክር ወረቀቷን ማቅረብ ብትችል ማንነቷን ማረጋገጥ ይቀላል።

እባክዎ አንድ ነገር አስጠንቅቋት፤ አቤቱታ ሳታስመዘግብ በንዴት ከቤት እንዳትወጣ። አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብላ ካመለከተች ተበዳይዋ እህትዎ ተፈላጊ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ወደ አገር ቤት ለመመለስ ከወሰነች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2020 ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ከኳታር ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ሆኖም ከ72 ሰዓት በፊት ለአሠሪው ማሳወቅ ግዴታ ነው።

እርስዎ ደሴ ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ጥቂት አይደለም። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የላካት ኤጀንሲ ከውጭ አሠሪዋ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት አለበት፤ ይህም ማለት አሠሪዋ ለጣሰችው መብት ኤጀንሲው ብቻውንም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለኤጀንሲው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ማመልከቻው ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ቅጂ በእጅዎ ይቅር፤ ምላሽ ካጡ አቤቱታዎን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያቅርቡ። በእርሷ ስም እስከ ፍርድ ቤት ለመከራከር ግን ውክልና ያስፈልግዎታል፤ ውክልናውን እህትዎ በኤምባሲው በኩል ልትልክልዎ ትችላለች፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መረጋገጥ ይኖርበታል። ለደላላው ምንም ገንዘብ አይክፈሉ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋልና፣ ፓስፖርቱ ባይገኝ እንኳ ኤምባሲው የመመለሻ ሰነድ እንዲሰጣት መጠየቅ ትችላለች።

ፓስፖርቱ እጇ ከገባ በኋላ ፎቶዋና ቁጥሩ ያለበትን ገጽ፣ እንዲሁም የመኖሪያ ፈቃዷን በስልክ አንስታ ለእርስዎ ትላክ፤ እርስዎም አትመው ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር ያስቀምጡት። ፓስፖርቷን ለብድር መያዣ፣ ለቤት ኪራይ ዋስትናም ሆነ «ላስቀምጥልሽ» ላለ ጓደኛ አትስጥ፤ ለቢሮ ጉዳይ ዋናውን ማስረከብ ግድ ሲሆን የተረከበው ክፍል ስሙንና ቀኑን ጽፎ ደረሰኝ እንዲሰጣት ትጠይቅ።