ትምህርት ቤት፣ ቫት እና የገቢ ግብር፦ ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ሲገባ ምዝገባና ግብር አብረው ይመጣሉ። ወላጅ ስለ ክፍያ ይጨነቃል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሒሳብ ስለመዝጋት። የግል ትምህርት ቤቶችን ሒሳብ ስለምሠራ "ጥያቄ ያላችሁ አምጡ" ብዬ ነበር። የመጡትን እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ። መልሶቼ የሚመለከቱት የኢትዮጵያን ሕግ ነው። ለቫት (ለተጨማሪ እሴት ታክስ) አዋጅ ቁጥር 1341/2016ን፣ ለገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ከነማሻሻያው 1395/2017 ይዣለሁ።

ወላጅ፦ የልጄ ትምህርት ቤት ደረሰኝ ላይ ቫት የሚል ነገር የለም። ግብር አይከፍሉም ማለት ነው?

አይደለም። የትምህርት አገልግሎት ከቫት ነፃ ነው። በቀድሞው አዋጅ 285/1994 ነፃ ነበር፣ በአዲሱም እንደዚያው ነው። የኬጂና የሕፃናት ማቆያም እንዲሁ። ስለዚህ በወርሃዊ ክፍያው ላይ 15 በመቶ ሊጨምሩብዎት አይችሉም። ጨምረው ከሆነ ይጠይቁ።

ትርፍ ላይ የሚከፈለው የገቢ ግብር ግን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ለትርፍ የተቋቋመ ከሆነ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይከፍላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ ባለቤቶች ጭምር።

ሌላ ወላጅ፦ ከቫት ነፃ ከሆኑ ታዲያ ለምንድነው በየጊዜው "ወጪ ናረ" የሚሉን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነገሩ ብዙዎች የማያዩት ጎን አለው።

የቫት ተመዝጋቢ የሆነ አምራች ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት፣ ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ይቀንሳል። ቫቱ እጁ ላይ አይቀርም። ትምህርት ቤት ግን ከተማሪ ቫት ስለማይሰበስብ የሚቀንስበት የለውም። ሲገዛ የከፈለው ቫት ሁሉ ወጪ ሆኖ ይቀራል።

በቁጥር እንየው። አንድ ትምህርት ቤት ተጨማሪ የመማሪያ ክፍሎች አስገነባ እንበል። ሥራ ተቋራጩ 4 ሚሊዮን ብር ጠየቀ፣ ቫቱ 600,000 ብር ነው። አምራች ድርጅት ቢሆን 600,000ውን መልሶ ያገኛታል። ትምህርት ቤቱ ግን ሕንፃውን በ4.6 ሚሊዮን ብር መዝግቦ በየዓመቱ 5 በመቶ የእርጅና ቅናሽ (ሕንፃው ሲያረጅ ከዋጋው ላይ እንደ ወጪ የሚቆጠር ድርሻ) ይይዛል፤ 230,000 ብር ማለት ነው። 400 ተማሪ ካለው ለአንድ ተማሪ 575 ብር በዓመት ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ 75 ብሩ የቫቱ ድርሻ ነው። ይሄ የአንድ ሕንፃ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ወንበሩ፣ የጽሕፈት መሣሪያው ሁሉ ቫት አለበት። ሕንፃው የኪራይ ከሆነና አከራዩ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ ኪራዩ ላይም 15 በመቶ ይጨመራል።

እንግዲህ ወላጅ ደረሰኙ ላይ ባያየውም ቫት ይከፍላል። ይህን የምለው ለየትኛውም ጭማሪ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ትምህርት ቤቱ ወጪዬ ነው ካለ ወጪውን በዝርዝር ያሳይ።

የትምህርት ቤት ባለቤት፦ ዩኒፎርም እንሸጣለን፣ ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ እናከራያለን። ትምህርት ነፃ ስለሆነ ይሄም ነፃ አይደለም?

አይደለም። ነፃ የተደረገው የማስተማር አገልግሎቱ ነው። ሸሚዝ መሸጥ ንግድ ነው፣ ለሠርግ አዳራሽ ማከራየትም ንግድ ነው። ከእነዚህ የሚገኘው ገቢ በ12 ወር ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ከሆነ ለቫት መመዝገብ ግዴታ ይሆናል። ነፃ የሆነው የትምህርት ክፍያ እዚህ ውስጥ አይደመርም።

ተመዝግበው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ለዩኒፎርሙ ጨርቅ የከፈሉትን ቫት ይቀንሳሉ፤ ለመማሪያ ክፍል ወንበር የከፈሉትን ግን አይቀንሱም። ኦዲት ላይ ትምህርት ቤቶች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሁሉንም ግዢ አንድ ላይ ደባልቀው ቫቱን በሙሉ ይጠይቃሉ። ለሽያጩ ለብቻው መዝገብ ይክፈቱ፣ የግዢ ደረሰኞቹንም ለየብቻ ያስቀምጧቸው።

ባለቤት፦ የትርፍ ግብሩስ ስንት ነው? ምን ምን ይቀነስልናል?

ትምህርት ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ። በግለሰብ ስም ከሆነ እንደ ገቢው መጠን እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ በማሻሻያው የዓመቱ የመጀመሪያ 24,000 ብር ነፃ ነው።

ደመወዝ፣ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ፣ ኪራይ፣ የእርጅና ቅናሽ፣ ማስተማሪያ ቁሳቁስ ይቀነሳሉ፤ ደረሰኝ ካላቸው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለገቢዎች የለም። የባለቤቱ የቤት አስቤዛና የግል መኪናው ነዳጅ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ሲገቡ አያለሁ። አይያዙም፤ ኦዲተሩ አውጥቶ ግብሩን ከነቅጣቱ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ነው። ክፍያችንም ትንሽ ነው። ግብር አለብን?

ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከዋና ዓላማው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ገቢው ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ማስተማር ዓላማችሁ ከሆነ የተማሪ ክፍያ እዚያ ውስጥ ይገባል። ከዓላማው ጋር ያልተያያዘ ንግድ ግን ግብር አለበት፤ ለምሳሌ በግቢው ዙሪያ የሚከራዩ ሱቆች። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ገቢ ማስገኛ ሥራ ቢፈቀድለትም ሒሳቡን መለየት አለበት።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የእናንተ ገቢ ነፃ ቢሆንም የመምህራኑ ደመወዝ ነፃ አይደለም። ግብሩን ቀንሳችሁ ወሩ ካለቀ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ማስገባት ግዴታችሁ ነው።

መምህር፦ ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት 9,000 ብር፣ ከሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት 6,000 ብር አገኛለሁ። ሁለቱም ለየብቻ ይቆርጡብኛል። ልክ ነው?

ሕጉ የሚለው ሁለቱ ተደምረው እንዲሰሉ ነው። ከ9,000 ብር 1,400፣ ከ6,000 ብር 700 ይቆረጥብሃል፤ በድምሩ 2,100 ብር። ተደምሮ 15,000 ሲሆን ግን ግብሩ 3,200 ብር ነው። በወር 1,100 ብር ልዩነት አለው። ሳይጠየቅ ዓመታት ያለፉት ሰው ብዙ ነው፤ ዕዳው ግን በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርህ ላይ ይጠራቀማል። ቀድመህ አሳውቅ። እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ሁለት ቦታ የሚያስሮጥህ የኑሮ ውድነቱ ነው።

መምህርት፦ ደመወዜ 12,000 ነው፣ ለገቢዎች የሚቀርበው ፔሮል ላይ ግን 6,000 ተብሎ ነው የምፈርመው። "ለአንቺም ግብሩ ይቀንስልሻል" አሉኝ። ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ በጣም የምትጎጂው አንቺ ነሽ። ግብሩ እርግጥ ይቀንሳል፤ በ12,000 ብር 2,250 የሚሆነው በ6,000 ብር 700 ነው። የጡረታውን ግን እዪ። አሠሪው 11 በመቶ፣ አንቺ 7 በመቶ ታዋጫላችሁ። በትክክለኛው ደመወዝ በወር 2,160 ብር ይገባልሽ ነበር፤ አሁን የሚገባው 1,080 ብር ነው። የጡረታ አበል የሚሰላው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በግማሽ ደመወዝ ከተመዘገብሽ አበልሽም በግማሽ ደመወዝ ይሰላል። የሥራ ስንብት ክፍያ ቢመጣ፣ የባንክ ብድር ብትፈልጊ፣ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ 6,000 ብር ነው።

ከትምህርት ቤቱ አንጻርም ከባድ ነገር ነው። ሐሰተኛ ፔሮል ማቅረብ በወንጀል ያስጠይቃል። ደግሞም ያልተመዘገበውን ግማሽ ደመወዝ ወጪ አድርጎ መያዝ ስለማይችል ትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍልበታል። ከሌሎች መምህራን ጋር ሆናችሁ ብትጠይቁ ይሻላል፤ ለብቻ የጠየቀ ሰው በቀላሉ ይገፋል። እስከዚያው በባንክ የገባልሽን ደመወዝ ማስረጃ በሙሉ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ቤት ለቤት ቱቶር አደርጋለሁ። እኔንስ ይመለከተኛል?

አዎ። በግልህ የምትሠራው ሥራ ስለሆነ ገቢው የንግድ ገቢ ነው። ቲን ቁጥር አውጣ፣ ገቢህን በደብተርም ቢሆን መዝግብ።

ወላጅ፦ ወርሃዊውን በባንክ እንከፍላለን፣ "የልማት መዋጮ" የሚባለውን ግን በጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ይቀበሉናል።

ደረሰኝ ይጠይቁ። ስሙ መዋጮ ቢባልም ካልከፈሉ ልጅዎ የማይመዘገብ ከሆነ ክፍያ ነው፤ ለትርፍ የሚሠራ ትምህርት ቤት እንደ ገቢ ሊያሳውቀው ይገባል።

ባለቤት፦ ዘንድሮ ከስረናል። ማሳወቅ ያስፈልጋል?

የግድ ነው። ሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ድርጅት የሰኔ 30ውን ሒሳብ ዘግቶ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል፤ ቢያተርፍም ቢከስርም። ኪሳራውን ካላሳወቁ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ማሸጋገር አይችሉም። በማሻሻያው የመጣውን አዲስ ነገርም ይወቁ። ድርጅቱ ቢከስርም ከጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ የሚታሰብ ዝቅተኛ ግብር አለ። የዓመቱ ገቢ 6 ሚሊዮን ብር ከሆነ 150,000 ብር ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ከአሁኑ ያስቀምጡ፤ መስከረም ላይ ለደብተርና ለወንበር ካወጡት በኋላ ጥቅምት ላይ መፈለግ ይከብዳል።