ለኮምቦልቻዋ ልጅ፣ ለእናንተም

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ተጫዋች ሲሳሳት የኦርኬስትራ መሪ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እጁን አውርዶ ያስቆማል» ብያት ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ግን አንድ ሰው ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

1974 ዓ.ም. ነው። ደሴ ውስጥ የአንድ ኪነት ቡድን ሙዚቃ መሪ ነበርኩ። ኖታ ስላነበብኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። ክላርኔት፣ ሳክስፎን፣ አኮርዲዮን፣ ክራርና ዋሽንት ሰብስበን አምባሰል እንለማመዳለን። ብርዱ አይጣል ነው። የጦሳ ተራራ ጉም በመስኮት ይገባል። መሰንቆ የሚመቱት ከባቲ በኩል የመጡ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ድምፃቸው ከአኮርዲዮኑ ጋር አልገጥም አለኝ። አስቆምኩ። ደግሜ አስቆምኩ። በሦስተኛው፣ ሃያ ሰው ፊት፣ «አባባ፣ መሰንቆ መቃኘት አይችሉም እንዴ?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። መሰንቋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ። በማግስቱም አልመጡም።

ከወራት በኋላ ድምፃዊቷ ያለ ባንድ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ያኔ ገባኝ። አኮርዲዮን ከፋብሪካ ተቃኝቶ የሚመጣ ነው፤ ድምፁ ንቅንቅ አይልም። መሰንቆ አንድ የጭራ ክር ነው፤ ጣት ዘፋኟን ይከተላል። ሰውየው የቃኙት በእሷ ጉሮሮ ነበር። የሳትኩት እኔ ነኝ።

የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ የሚጀምረው በዝምታ ነው። ከእነዚያ ከታወቁት አራት ድምፆች በፊት አጭር እረፍት አለች። መሪው መጀመሪያ የሚመታው እሷን ነው። የዛሬ ልጆች የመሪን እጅ ከዩቲዩብ ትቀዳላችሁ፤ መስታወት ፊት ትለማመዳላችሁ። ያናድደኛል። እጅ እኮ በወራት ይለመዳል፤ ጆሮ ነው ዕድሜ የሚፈጀው። ግን ደግሞ የዚያን ሲምፎኒ ሙሉ ኖታ ስልካችሁ ላይ በነፃ ታገኛላችሁ። እኔ በዕድሜያችሁ ለእሱ አዲስ አበባ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር። አንብቡት። ኖታ የማያነብ ሰው ኦርኬስትራ አይመራም። ኖታ የማያነቡት ባለመሰንቆ ግን ከእኔ በላይ ይሰሙ ነበር።

ልጄ፣ መልሴ ጎደሎ ነበር። መሪው መጀመሪያ የራሱን ጆሮ ይጠርጥር። ከዚያም ተጫዋቹን በእረፍት ሰዓት ለብቻው ያናግረው።

ሰውየው ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ አይጠፉም ተብዬ ነበር። አንድ ሰኞ ኮምቦልቻ ድረስ ወረድኩ። ረዳቱ «ባቲ! ባቲ!» እያለ ይጣራል። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ወደ ደሴ ተመለስኩ።