ሆስፒታል ተኝቼ ስታከም እንዳልመረር ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ሆስፒታል በተኛሁባቸው ሦስት ሳምንታት ሕመሙና እንቅልፍ ማጣቱ ጠባዬን ለውጦት፣ ደክመው የሚንከባከቡኝን ነርሶች በቁጣ እናገራቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በቅርቡ ለቀዶ ሕክምና ተመልሼ ልገባ ነው። መንፈሴን እንዴት ላበርታ? ሠራተኞቹንስ እንዴት ልያዝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ ደስተኛ መሆንና ሕመምን መደበቅ የተለያዩ መሆናቸውን ይወቁ። ላለማስቸገር ብለው ሕመምዎን አምቀው ቢይዙት፣ ከጸና በኋላ ማስታገሱ ይከብዳል፤ የነርሷም ሥራ ይበዛል። «ከትናንቱ የባሰ ያመኛል» ብሎ በረጋ ድምፅ መናገር ለእርስዎም ለእርሷም ይበጃል።

ሌሊት የደም ግፊትና ሙቀት ለመለካት ሲቀሰቅሱዎ መበሳጨትዎ አይቀርም። ይሁንና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የውስጥ ደም መፍሰስ ወይም ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው በእነዚህ ልኬቶች ነውና፣ የሚቀሰቅሱዎ ለእርስዎ ሲሉ መሆኑን ማሰብ ቁጣን ያበርዳል። ቢቻል መስኮት አጠገብ አልጋ ይጠይቁ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ታካሚዎች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል።

ስለ ሠራተኞቹ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ ስማቸውን ጠይቀው እንዲይዙ ነው፤ ብዙዎች የሚረሷትን የጽዳት ሠራተኛዋን ጭምር። ነርሷ መድኃኒት ስትለካ አያናግሯት፤ ሐሳቧ ከተከፈለ መጠኑን ልትስት ትችላለችና። ውኃ፣ ትራስና ብርድ ልብስ የሚፈልጉ ከሆነ ሦስት ጊዜ ከመጥራት በአንድ ጊዜ ይንገሯት። በፈረቃ ርክክብ ሰዓት አጣዳፊ ያልሆነውን ጉዳይ ጥቂት ያቆዩት፤ አጣዳፊውን ግን በማንኛውም ሰዓት ደወሉን ተጭነው ይጥሩ፣ ይህ መብትዎ ነው።

ጸጸትዎን ለማክበድ ባልፈልግም፣ ክፉ ቃል ከስሜት አልፎ ሥራንም እንደሚጎዳ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በ24 የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ቡድኖች ልምምድ ላይ የንቀት ቃል የተነገራቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ካልተነገራቸው ይልቅ ምርመራውንም ሕክምናውንም ባነሰ ብቃት አከናውነዋል።

ሕመም ሲበረታ ቃል ያመልጣል። ያን ጊዜ ይቅርታውን ለነገ አያሳድሩት፤ ነርሷ ፈረቃዋን ጨርሳ ከመሄዷ በፊት በስሟ ጠርተው «ሕመሙ አናግሮኝ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይበሏት።