የቺካጎው ጥቁር ቢራ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጉስ አይላንድ የተባለው የቺካጎ ጠማቂ በየዓመቱ ከአሜሪካ የምስጋና ቀን ማግስት ለገበያ የሚያወጣው ‹ቡርቦን ካውንቲ ስታውት› ገዢዎችን ገና በማለዳ የሚያሰልፍ ጥቁር ቢራ ነው። ስለ አቀማመሱ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ጥቂቶቹን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በስጦታ ያገኘሁትን ጠርሙስ ከፍሪጅ እንዳወጣሁት ብቀዳው ከምሬትና ከአልኮል በቀር ያገኘሁት ጣዕም የለም። ሰው የሚሰለፈው ለዚህ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ቢራውን ከመውቀስዎ በፊት ቅዝቃዜውን ይመርምሩ። ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም የቆየ ስታውት (ከተቆላ እህል የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ) መዓዛውን አይለቅም፤ ጣፋጭነቱም በብርድ ስለሚደበዝዝ ለምላስ የሚተርፈው ምሬቱ ብቻ ነው። ጠርሙሱን አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩትና ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ከ100 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ይቅዱ። ሲያሸቱት አፍንጫዎን ከብርጭቆው ጠርዝ ትንሽ ራቅ ያድርጉ፤ አለበለዚያ አልኮሉ ሌላውን ሽታ ሁሉ ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ከማለማመድ ያለፈ ዋጋ ስለሌለው ፍርድዎን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ያቆዩት፤ ያን ጊዜ ጥቁር ቸኮሌት፣ የተቃጠለ ስኳርና ቫኒላ፣ ቢራው ይበልጥ ሲሞቅም ተምርና ዘቢብ የሚመስል ጣዕም ተከታትለው ይመጣሉ። እኔ ይህን ቢራ የምመዝነው ከተዋጠ በኋላ በሚቀረው ነገር ነው፤ በጥሩው ዓመት ጣፋጩ ቀድሞ ሄዶ የተቆላው ብቅል ምሬት ይዘልቃል፣ በደካማው ዓመት ግን ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ስኳር ብቻ ይተርፋል። አረፋው ቶሎ መክሰሙ አያሳስብዎ፤ እንዲህ ባለ የአልኮል መጠን አረፋ አይጸናም። መጠኑ በየዓመቱ ቢለያይም 14 በመቶ ግድም ስለሆነ፣ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ጠርሙስ 70 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ይህም 330 ሚሊ ሊትር የሚይዙና 5 በመቶ አልኮል ያላቸው አራት ቢራዎች በድምሩ ካላቸው ይበልጣል። ስለዚህ ጠርሙሱን ለብቻ ሳይሆን ለአራት ሰው ይክፈቱት፤ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ደግሞ አይቅመሰው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል የሚጠቁረው ቡና ወይም ቀለም ተጨምሮበት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አሻሮው ጠቆር ተደርጎ ሲቆላ ጠላው እንደሚጠቁር ሁሉ፣ የስታውትም ጥቁረት በብርቱ ከተቆላ ገብስና ብቅል ይመጣል፤ የዚህም ድርሻ ትንሽ ሲሆን አብዛኛው እህል ፈዛዛ ብቅል ነው። ቡና የሚገባባቸው ልዩ ዓይነቶች ቢኖሩም ይህ በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።

ጥያቄ፦ ቫኒላ ካልገባበት የቫኒላው ጣዕም ከየት መጣ?

መልስ፦ ከበርሜሉ ነው፤ ቢራው የሚቆየው ቡርቦን የተባለው የአሜሪካ ዊስኪ በነበረበት በርሜል ውስጥ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ቡርቦን ዊስኪ የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ያገለገለ በርሜል ለቡርቦን ዳግመኛ አይውልም። ለዚህም ነው ዊስኪ አምራቾቹ በርሜሎቹን ለሌሎች የሚሸጡት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጉስ አይላንድ ዋና ጠማቂ የነበረው ግሬግ ሆል የጂም ቢም ዊስኪ የነበረባቸውን በርሜሎች አግኝቶ ብርቱ ስታውት ሞላባቸው፤ በብዙ የአሜሪካ ጠማቂዎች ዘንድ ዛሬ የተለመደው ልማድ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። እንጨቱ ሲለበለብ ሊግኒን የተባለው ክፍሉ ተሰባብሮ ቫኒሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ይሰጣል፤ ይህም የቫኒላ ፍሬን ጣዕም የሚሰጠው ያው ንጥረ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ኮኮናት ሸተተኝ ቢልም አልተሳሳተም፤ እሱም ከኦክ እንጨቱ ይወጣል። ቢራው በበርሜሉ ውስጥ ለበርካታ ወራት ስለሚቆይ፣ እንጨቱ የጠጣውን ዊስኪ ጭምር ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ባስቀምጠው ይሻሻላል?

መልስ፦ ይለወጣል፤ መሻሻሉ ግን አከራካሪ ነው። በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ቀጥ ብሎ ከቆመ የአልኮሉ ቁጣ ይበርዳል፣ የዘቢቡ ጣዕም ይጎላል፤ ቀስ በቀስ በሚገባው ኦክስጅን ምክንያት ግን ሶያ ሶስ ወይም የራሰ ካርቶን ወደሚመስል ጣዕም ሊሄድ ይችላል። ሁለት ጠርሙስ ያለው ሰው አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ቢከፍት ይበቃዋል እላለሁ። ቡና የገባበትን ግን አያቆዩት፤ የቡናው መዓዛ ቀድሞ ይጠፋል። የሚኮመጥጥ ከሆነ እርጅና ሳይሆን ብክለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ከቀረቡት ዓይነቶች አንዳንዶቹ በላክቶባሲለስ ባክቴሪያ በመኮምጠጣቸው ኩባንያው ለገዢዎች ገንዘባቸውን መልሷል።

ጥያቄ፦ ከቸርቻሪ ይልቅ ከግለሰብ በእጥፍ ዋጋ ልግዛው?

መልስ፦ አይግዙት። ግዙፉ የቢራ ኩባንያ አንሃይዘር ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2011 ጉስ አይላንድን ከገዛ ወዲህ ስርጭቱ ሰፍቷል፤ እንዴት እንደተቀመጠ ለማይታወቅ ጠርሙስ እጥፍ መክፈል አያዋጣም።

ጥያቄ፦ የሐረሩ ‹ሐኪም ስታውት› ከዚህ ጋር ይወዳደራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥቁረታቸው ቢያመሳስላቸውም ሁለቱ ለአንድ ዓላማ አልተጠመቁም። የሐኪም የአልኮል መጠን ከቺካጎው ከግማሽ በታች ነው፤ በርሜል አያውቅም፣ ከምግብ ጋርም ሙሉ ብርጭቆ ይጠጣል። ጎን ለጎን መቅመስ የሚፈልግ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ፤ ሐኪምን አስቀድሞ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ እንዳለ ይቅመሰው፣ ምክንያቱም ከቡርቦን ካውንቲ በኋላ የሚቀመስ ማናቸውም ለስላሳ ስታውት ውሃ ውሃ ይላል።